ከአዲስ አበባ ዋሽንግተን በአውሮፕላን ስንት ሰዓት ነው? ሲሄዱ 17፣ ሲመለሱ 13 የሚሆነው ለምንድን ነው?

የቀረበልኝ ጥያቄ ይህ ነው፦ «እናቴ በሐምሌ ከአዲስ አበባ ዋሽንግተን ዲሲ ልትመጣልኝ ነው። ትኬቷ ከቦሌ 22፡30 ተነስታ በማግስቱ 08፡30 ትገባለች ይላል። ስቆጥረው 10 ሰዓት ነው። ኢንተርኔት ላይ ርቀት የሚያሰሉት ገጾች 13 ሰዓት ይላሉ። ትኬት ቢሮ ያለችው ልጅ ደግሞ 17 ሰዓት ነው አለችኝ። መመለሻው 11፡00 ተነስቶ በማግስቱ 07፡00 ስለሚገባ 20 ሰዓት ይመስላል። የቱ ነው ትክክሉ? ርቀቱስ ስንት ነው? እናቴ ዕድሜዋ ከ70 አልፏል፣ ስኳርም አለባት፤ የምጨነቀው ለዚህ ነው።»

ቁርጡን ላስቀድም። እናትዎ ሲመጡ ከቦሌ እስከ ዋሽንግተኑ ደለስ ኤርፖርት 17 ሰዓት ይፈጅባቸዋል፤ ሲመለሱ 13 ሰዓት። የትኬት ቢሮዋ ልጅ ልክ ናት። የኢንተርኔቱ 13ም ዝም ብሎ የመጣ ቁጥር አይደለም፣ ግን የሚሠራው ለመመለሻው ብቻ ነው። 10 እና 20 የሆነብዎት ደግሞ የሁለት ከተማ ሰዓት ስለቀላቀሉ ነው። የበረራ ዕቅድ ማዘጋጀት ሥራዬ ስለሆነ እያንዳንዱ ቁጥር ከየት እንደመጣ ላስረዳዎት፤ ምክንያቱን ካወቁ እናትዎን ማዘጋጀትም ይቀልዎታል።

ከሰዓቱ እንጀምር። ትኬት ላይ የሚጻፈው መነሻም ሆነ መድረሻ ሁልጊዜ የዚያው ከተማ ሰዓት ነው። አዲስ አበባ ዓመቱን ሙሉ ከግሪንዊች፣ ማለትም የዓለም ሰዓት ከሚቆጠርበት መነሻ፣ በ3 ሰዓት ትቀድማለች። ዋሽንግተን ግን ሰዓቷን በዓመት ሁለቴ ትቀይራለች፦ ከማርች ሁለተኛ እሑድ እስከ ኖቬምበር መጀመሪያ እሑድ ከግሪንዊች በ4 ሰዓት፣ በቀሪው ጊዜ በ5 ሰዓት ወደ ኋላ ናት። ስለዚህ በሐምሌ በሁለቱ ከተሞች መካከል ያለው ልዩነት 7 ሰዓት ነው። ወደ ምዕራብ ሲበሩ በሰዓት ቆጠራው ባገኙት 10 ላይ 7 ይደምራሉ፣ 17 ይሆናል። ወደ ምሥራቅ ሲመለሱ ከ20 ላይ 7 ይቀንሳሉ፣ 13 ይቀራል። በታኅሣሥ ቢሆን የሚደመረውና የሚቀነሰው 8 ነው።

እዚህ ላይ የኛ ሰው በተደጋጋሚ የሚሳሳትበት ነገር አለ። ትኬት የሚጻፈው ከእኩለ ሌሊት በሚጀምረው የ24 ሰዓት አቆጣጠር ነው። 22፡30 ማለት በኛ ከምሽቱ 4፡30 ነው፤ 08፡30 ማለት ከጠዋቱ 2፡30። እናትዎ ትኬቱን አይተው «ስምንት ተኩል» ካሉ ቀትር አልፎ የሚገቡ ሊመስላቸው ይችላል። ከዚህ የባሰው የቀን ነገር ነው። ከእኩለ ሌሊት በኋላ የሚነሳ በረራ ላይ «ሐሙስ 00፡30» ተብሎ ቢጻፍ፣ ለኛ ያ ረቡዕ ሌሊት 6፡30 ነው። ተሳፋሪው ሐሙስ ማታ ሻንጣውን ይዞ ቦሌ ሲደርስ አውሮፕላኑ ከሄደ ቀን አልፎታል። የእናትዎ በረራ ከእኩለ ሌሊት በፊት ስለሚነሳ ከዚህ ተርፈዋል፤ ቢሆንም ትኬቱ በተቀየረ ቁጥር ቀኑንና ሰዓቱን በኛ አቆጣጠር በወረቀት ጽፈው ይላኩላቸው።

ርቀቱን በተመለከተ፣ ከቦሌ እስከ ደለስ በምድር ላይ አጭሩ መንገድ 11,560 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ደለስ ራሱ ቨርጂኒያ ውስጥ፣ ከዋሽንግተን መሀል ከተማ በስተምዕራብ 40 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ የሚገኝ ነው። «አጭሩ መንገድ» ስል በጠፍጣፋ ካርታ ላይ በማስመሪያ የሚሰመረውን መስመር ማለቴ አይደለም። ያ መስመር በሰሐራ ደቡባዊ ጫፍ አልፎ አትላንቲክን በመሀሉ ያቋርጣል። ሉል ካገኙ በሁለቱ ከተሞች መካከል ክር ወጥረው ይዩት፦ ክሩ ከአዲስ አበባ ወደ ሰሜን ምዕራብ ይነሳል፣ በሱዳን፣ በሊቢያና በአልጄሪያ በኩል ወጥቶ ስፔንንና ፖርቱጋልን ካለፈ በኋላ ውቅያኖሱ ላይ ከሁሉም በላይ ወደ ሰሜን ይደርስና ወደ አሜሪካ ዝቅ ይላል። የኢንተርኔት ማስሊያዎቹ የሚያደርጉት ይህንን 11,560 ኪሎ ሜትር ወስደው በሰዓት 900 ኪሎ ሜትር ገደማ በሆነው የአውሮፕላን ፍጥነት ማካፈልና ለመነሻና ለማረፊያ ትንሽ መጨመር ነው። 13 ሰዓት የመጣው ከዚያ ነው። ስሌቱ ነፋስን አያውቅም፣ የቦሌን ከፍታም አያውቅም፣ የትኛው አገር የአየር ክልሉን እንደዘጋም አያውቅም። የጉዞውን ጊዜ የሚወስኑት ግን እነዚህ ሦስቱ ናቸው።

ዋናው የቦሌ ከፍታ ነው፤ ብዙ ሰው የማይጠረጥረውም እሱን ነው። ቦሌ ከባሕር ጠለል በላይ 2,330 ሜትር ገደማ ላይ ነው። እዚያ ከፍታ ላይ፣ በ20 ዲግሪ ሙቀት፣ አየሩ ከባሕር ዳርቻው አየር ሩብ ያህል የሳሳ ነው። የሳሳ አየር አውሮፕላንን በሁለት በኩል ይጎዳዋል። ሞተሩ የሚያገኘው አየር ስለሚያንስ ግፊቱ ይቀንሳል፤ ክንፉም ያንኑ ክብደት ለማንሳት በበለጠ ፍጥነት መሄድ ይኖርበታል። በቁጥር ልንገርዎ፦ ያው አውሮፕላን ያንኑ ክብደት ይዞ ከቦሌ ሲነሳ ከባሕር ዳርቻ ኤርፖርት ሲነሳ ከሚያስፈልገው 16 በመቶ ገደማ የሚበልጥ ፍጥነት ላይ መድረስ አለበት፤ ያንንም የሚያደርገው በደከመ ሞተር ነው። የቦሌ ረጅሙ መንደርደሪያ 3,800 ሜትር ያህል ቢሆንም ቶሎ ያልቃል። ጎማዎቹም የተሠሩበት የፍጥነት ወሰን አላቸው።

በዚህ ላይ ለእኛ ለዕቅድ አዘጋጆች ከሁሉ የሚከብደው ደንብ አለ። ሁለት ሞተር ያለው አውሮፕላን መንደርደሪያው ላይ ሳለ አንዱ ሞተር ቢጠፋበትና መቆም የማይቻልበት ፍጥነት ላይ ቢሆን፣ በቀረው በአንዱ ሞተር ብቻ ተነስቶ ጎማውን ካጠፈ በኋላ በየ100 ሜትሩ ቢያንስ 2.4 ሜትር መውጣት መቻል አለበት። ይህ በየበረራው፣ በዕለቱ ሙቀትና ነፋስ፣ አስቀድሞ ይሰላል። አዲስ አበባ ደግሞ ዙሪያዋን ተራራ ነው፤ እንጦጦ ብቻ ከ3,000 ሜትር በላይ ነው። ስሌቱ ካልመጣ መፍትሔው አንድ ነው፦ ክብደት መቀነስ።

ክብደት መቀነስ ሲባል ደግሞ ከሁሉም በፊት ነዳጅ ነው። ድሪምላይነር የሚባለው የቦይንግ 787 አውሮፕላን በሰዓት 5 ቶን ገደማ ያቃጥላል። አነስተኛው 787-8 ሲነሳ የሚፈቀድለት ትልቁ ክብደት 228 ቶን ያህል ነው። ከቦሌ እስከ ዋሽንግተን ያለ ማረፍ ለመሄድ ከፊት የሚመጣ ነፋስ እየተጋፉ ከ14 ሰዓት ለማያንስ በረራ የሚበቃ ነዳጅ፣ በዚያ ላይ የመጠባበቂያው ያስፈልጋል፤ እሱ ብቻ ከ70 ቶን በላይ ነው። ነዳጅ ለመሸከምም ነዳጅ ይቃጠላል፦ ለዚህን ያህል ረጅም በረራ 10 ቶን ቢጨምሩ ሲሶው ያህል የሚያልቀው ራሱን በመሸከም ነው። ያንን ሁሉ ይዞ ከቦሌ መነሳት የሚቻለው መቀመጫና ጭነት በመቀነስ ነው፤ ይህ ደግሞ ትኬቱን በጣም ያስወድደዋል። በመንገድ ላይ አርፎ ነዳጅ መቅዳት ግን ከቦሌ ይዞ የሚነሳውን ክብደት በ30 እና በ40 ቶን መካከል ይቀንሳል። አንድ ተሳፋሪ ከነሻንጣው 100 ኪሎ ቢባል፣ ይህ ከ300 ሰው በላይ ክብደት ነው።

የኢትዮጵያ አየር መንገድ ወደ ዋሽንግተን ሲሄድ እያረፈ፣ ሲመለስ በቀጥታ የሚበረው ለዚህ ነው። ደለስ ከባሕር ጠለል በላይ 100 ሜትር እንኳ አይሞላም። አየሩ ወፍራም ነው፣ ሞተሩ ሙሉ ኃይሉን ይሰጣል፤ አውሮፕላኑ ታንኩን ሞልቶ፣ ተሳፋሪውን ሞልቶ ይነሳል። ቦሌ ሲደርስ ነዳጁ ስላለቀ ቀሎታል፤ ከፍታው ለማረፍ ያን ያህል አያስቸግረውም። ከቦሌ የሚነሳው በረራ በብዛት ማታ መሆኑም ያግዛል፤ የማታ አየር ቀዝቀዝ ስለሚል ጠጠር ይላል። ቢሾፍቱ አቅራቢያ አቡሴራ የታቀደው አዲሱ ኤርፖርት ከቦሌ 400 ሜትር ገደማ ዝቅ ያለ ቦታ ላይ ነው፤ ስለዚህ ስለ አቡሴራ ሲወራ የማየው የተርሚናሉን ስፋት ሳይሆን ይህንን 400 ሜትር ነው። ለረጅም በረራ የሚያመጣው ለውጥ ቀላል አይደለም።

የት ነው የሚያርፈው? ደብሊን፣ አየርላንድ፣ ዋናው ነው። ሰው ካርታ ሲያይ «ደብሊን ምን ወሰዳቸው? ዞሩ እኮ» ይላል። አልዞሩም። ከአዲስ አበባ ደብሊን 6,370 ኪሎ ሜትር፣ ከደብሊን ደለስ 5,460 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ድምሩ 11,830። ከአጭሩ መንገድ የሚበልጠው በ270 ኪሎ ሜትር ብቻ ነው፤ በበረራ ሃያ ደቂቃ አይሞላም። ደብሊንም በባሕር ዳር ያለች ከተማ ናት፣ ስለዚህ ሙሉ ታንክ ይዞ መነሳት አያስጨንቅም። በቶጎዋ ሎሜ በኩል የሚሄዱ በረራዎችም አሉ። ሎሜ ግን ሌላ ነገር ነው፤ ድምሩ 12,750 ኪሎ ሜትር ይደርሳል። ከ1,100 ኪሎ ሜትር በላይ ጭማሪ የሚወሰደው ከምዕራብ አፍሪካ ተሳፋሪ ለማንሳት ነው፤ ለአየር መንገዱ ስሌቱ ያዋጣል፣ ለእናትዎ ግን ተጨማሪ ሰዓት ነው። ምርጫ ካለዎት ትኬት ሲቆርጡ በየት በኩል እንደሆነ ይጠይቁ። «ቀጥታ በረራ» የሚለውን ቃል አይመኑበት፤ መንገድ ላይ አርፎ የሚሄድም የበረራ ቁጥሩ አንድ ከሆነ ቀጥታ ይባላል።

የ17 ሰዓቱ አከፋፈል እንግዲህ በግምት ይህን ይመስላል፦ እስከ ደብሊን 8 ሰዓት ገደማ፣ ደብሊን መሬት ላይ ከአንድ ሰዓት ትንሽ ከፍ ያለ፣ ከደብሊን ደለስ ሰባት ሰዓት ተኩል ያህል። ወደ ደብሊን የሚወስደው ክፍል ረጅም፣ የአትላንቲኩ ክፍል አጭር ሆኖ ሳለ የሰዓት ልዩነታቸው እንዲህ ያነሰው በነፋሱ ምክንያት ነው።

አውሮፕላን በሚበርበት 10 እና 12 ኪሎ ሜትር ከፍታ ላይ፣ ጄት ስትሪም የሚባል ጠንካራ ነፋስ ከምዕራብ ወደ ምሥራቅ ይነፍሳል። ሰሜን አትላንቲክ ዋና መንገዱ ነው። በቀዝቃዛዎቹ ወራት በሰዓት 200 ኪሎ ሜትር ማለፉ የተለመደ ነው። አውሮፕላኑ የሚበረው በአየሩ ውስጥ ስለሆነ፣ በአየሩ ውስጥ 900 እየሄደ ከፊት 100 ቢመጣበት በምድር ላይ የሚጓዘው 800 ነው፤ ከኋላ ቢገፋው 1,000። እ.ኤ.አ. በፌብሩዋሪ 17 ቀን 2024 ማታ በዋሽንግተን ሰማይ ላይ የነበረው ነፋስ በአየር ሁኔታ ፊኛ ሲለካ በሰዓት 265 ማይል፣ ማለትም ከ420 ኪሎ ሜትር በላይ ሆኖ ተገኘ። በዚያው ምሽት ከደለስ ወደ ለንደን የሚሄድ የቨርጂን አትላንቲክ አውሮፕላን በምድር ላይ ሲለካ በሰዓት 802 ማይል ደርሶ ነበር፤ 1,290 ኪሎ ሜትር መሆኑ ነው። ከድምፅ ፍጥነት አልፏል ተብሎ የተጻፈው ግን ስሕተት ነው፤ በአየሩ ውስጥ የነበረው ፍጥነት የዘወትሩ ነው፣ የሮጠው አየሩ ነው። የናንተ በረራ ወደ ምዕራብ ሲመጣ ይህንን ነፋስ በፊቱ ይቀበለዋል፣ ሲመለስ ይጫንበታል። በሐምሌ ነፋሱ ደከም ስለሚል እናትዎ ከተጻፈው ሰዓት ቀደም ብለው ቢገቡ አይገረሙ።

ሦስተኛው የአየር ክልል ነው። ቅድም ክሩን ስንወጥር ያለፈበት ሱዳን፣ ኤፕሪል 2023 ጦርነቱ ሲነሳ ሰማዩ ለአላፊ አውሮፕላኖች ተዘጋ። ሊቢያንም ብዙ አየር መንገድ ይሸሸዋል። ስለዚህ ወደ ሰሜን የሚወጣው በረራ ወደ ቀይ ባሕርና ወደ ግብፅ ጠጋ ብሎ ሜዲትራኒያንን ይሻገራል። ለደብሊኑ መንገድ ጭማሪው ሩብ ሰዓት ቢሆን ነው፤ ነዳጁ ግን በየቀኑ፣ በየበረራው ይከፈላል። ከዚያ በላይ የሚያሳስበኝ ከነዚያ ሰማዮች በታች ያለው ሕዝብ ነው።

አሁን ወደ እናትዎ። 17 ሰዓት የሚባለው አውሮፕላኑ ቦሌ ላይ ከቆመበት ከተንቀሳቀሰበት ቅጽበት ጀምሮ ደለስ ቦታው ላይ እስኪቆም ያለው ነው። ከመነሻው ሦስት ሰዓት ቀድመው ቦሌ መገኘት አለባቸው፤ ደለስ ላይ ኢሚግሬሽንና ሻንጣ እንደ ዕለቱ ወረፋ ከአንድ እስከ ሁለት ሰዓት ይወስዳል። ከቤት እስከ ቤት ሙሉ ቀን ያህል ነው ብለው ያስቡት። ለዊልቸር አገልግሎት አሁኑኑ፣ ትኬቱ ላይ ያስመዝግቡ። መራመድ ቢችሉም ይውሰዱት፤ ወረፋ ላይ መቆሙ ነው የሚያደክማቸው፤ ደግሞም የሚገፋቸው ሰው መንገዱን ያውቃል።

ደብሊን ሲያርፉ ወደ ዋሽንግተን የሚቀጥለው ተሳፋሪ በተለምዶ ከመቀመጫው አይወርድም። ነዳጅ ይቀዳል፣ የበረራ ሠራተኞች ይቀየራሉ፣ ጽዳት ይደረጋል። ይህንን አስቀድመው ይንገሯቸው። አውሮፕላኑ ሲቆም፣ መብራት ሲበራ፣ ሰው ሲነሳ እናቶች «ደረስን» ብለው ነጠላቸውን አስተካክለው፣ ቦርሳቸውን አቅፈው ይነሳሉ፤ ገና ግማሽ መንገድ እንደሆነ ሲነገራቸው የሚሰማቸው ድካም ከበረራው ድካም ይብሳል። «መጀመሪያ ሲያርፍ አየርላንድ ነው፣ እዚያ አትነሺ፤ ሁለተኛው ነው እኔ ያለሁበት» ማለት ይበቃል።

መድኃኒታቸው በሙሉ፣ ኢንሱሊን ካለም እሱ በተለይ፣ በእጅ ቦርሳ ይሁን እንጂ በሚጫነው ሻንጣ አይግባ። ሻንጣ ሊዘገይ ይችላል፤ ጭነት ክፍሉም ለኢንሱሊን የማይስማማ ቅዝቃዜ ሊኖረው ይችላል። የሐኪም ማዘዣ ወረቀቱ አብሮ ይያዝ። የሚወስዱበትን ሰዓት ከሐኪማቸው ጋር ከመነሳታቸው በፊት ይጨርሱት። ሐኪሙን ሲያነጋግሩ ጉዞው ስንት ሰዓት እንደሆነ ያስረዱ፤ «ማታ ተነስታ ጠዋት ትገባለች» ካሉት አንድ ሌሊት ይመስለዋል፣ እውነቱ ግን 17 ሰዓት ነው። የጾም ምግብ የሚፈልጉ ከሆነም ቀድመው ያሳውቁ። ከ4 ሰዓት በላይ መቀመጥ እግር ላይ ደም የመርጋትን ዕድል ስለሚጨምር በየሁለት ሰዓቱ ቢነሱ፣ ካልሆነም ቁርጭምጭሚታቸውን ቢያንቀሳቅሱ ጥሩ ነው፤ ለዚህም መተላለፊያው ዳር ያለ መቀመጫ ይምረጡላቸው።

ስለ አየሩ ግን አይስጉ። «ከፍታ ላይ ትንፋሽ ያጥራታል» የሚሉ አሉ። ድሪምላይነርና ኤርባስ 350 ውስጥ የሚጠበቀው የአየር ግፊት፣ ከፍ ቢል በ1,830 ሜትር ገደማ ላይ ካለ ቦታ ጋር እኩል ነው። አዲስ አበባ ከዚያ 500 ሜትር ትበልጣለች። እናትዎ አትላንቲክ ላይ የሚተነፍሱት አየር ቤታቸው ከሚተነፍሱት የወፈረ ነው። የሚያስቸግራቸው ደረቅነቱ ነው፤ ውኃ ቶሎ ቶሎ ይጠጡ።

መመለሻቸው በሐምሌ ሳይሆን ከኖቬምበር በኋላ ከሆነ ሁለት ነገር ይቀየራል። የሰዓቱ ልዩነት 8 ስለሚሆን ከ11፡00 እስከ 07፡00 ያለው 20 ሰዓት ወደ 12 ይወርዳል፤ አየር መንገዱም የፈረንጆቹን የብርድ ወቅት ሰሌዳ ሲያወጣ የመነሻውን ወይም የመድረሻውን ሰዓት ሊያዛውር ይችላል። ስለዚህ አሁን የያዙትን የመመለሻ ሰዓት እንደ መጨረሻ አይውሰዱት፤ ኖቬምበር ሲገባ ትኬቱን አንዴ ከፍተው ይዩት፣ ቦሌ ለሚቀበሏቸው ዘመዶችም የሚገቡበትን በኛ ሰዓት ያሳውቁ፤ 07፡00 ከሆነ ከጠዋቱ 1፡00 ነው።